ፍኖተ ሰላም ያለውን ቤቴን ለተማርኩበት ትምህርት ቤት ማውረስ እፈልጋለሁ፤ የጻፍነው ወረቀት ይበቃል?

ጥያቄ፦ «እኔና ባለቤቴ የምንኖረው ባሕር ዳር ነው። ፍኖተ ሰላም ላይ የሚከራይ ባለ አምስት ክፍል ቤት አለን፤ በትዳራችን ዘመን የሠራነው ነው። የምንኖርበትም ቤት የራሳችን ነው። ሦስት ልጆች አሉን፤ ሁሉም ራሳቸውን ችለዋል። ስንሞት የፍኖተ ሰላሙ ቤት ደጋ ዳሞት ውስጥ ፊደል ለቆጠርኩበት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንዲሆን፣ ኪራዩም በየዓመቱ ለልጆቹ እንዲውል ተስማምተናል። ፎቶ ኮፒ ቤት አስጽፈን ሁለታችንም ፈርመናል። ሁለት የሰፈር ሽማግሌዎች ምስክር ሆነዋል። ይበቃል? በወንድሜ ይዞታ ላይ አብረን የተከልነው ባሕር ዛፍም አለ፤ እሱንስ መጨመር ይቻላል? ዕድሜዬ 66 ነው።»

መልስ፦ ጋሼ፣ አስቀድሜ እግዜር ይስጥልኝ ልበልዎት። እንዲህ ያለ ጥያቄ ብዙ አይመጣልኝም። የሚመጣልኝ በአብዛኛው «ወንድሜ ድርሻዬን ከለከለኝ» ነው።

ደስ የማይለውን ላስቀድም። ያ ወረቀት አይሠራም። እንዳለ ቢቀመጥ ለትምህርት ቤቱ አንድ ቆርቆሮ እንኳ አያስገኝለትም።

ትልቁ ችግር ሁለታችሁም በአንድ ወረቀት ላይ መናዘዛችሁ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የ1952ቱ ነው፤ የውርሱ ክፍል ዛሬም ይሠራል። ይህ ሕግ ሁለት ሰው በአንድ ሰነድ የሚያደርገውን ኑዛዜ ዋጋ አይሰጠውም። ባልና ሚስትም ቢሆኑ ያው ነው። አንድ ጊዜ ባለቤታቸው የሞቱባቸው እናት እንዲህ ያለ ወረቀት ይዘው መጡ። «አብረን ኖርን፣ አብረን ሠራን፣ አብረን ብንናዘዝ ምን ነውር አለው?» አሉኝ። ነውርስ የለውም። ነገር ግን ኑዛዜ ሰው እስከ መጨረሻዋ ትንፋሹ ድረስ ሊሽረው የሚችል የግል ቃል ነው። በአንድ ወረቀት ከታሰሩ አንዱ ሐሳቡን ሲለውጥ የሌላው ምን ይሆናል? ሕጉ ይህን ጣጣ ከሥሩ ነቅሎታል። ስለዚህ እርስዎ የራስዎን፣ እትዬም የራሳቸውን፣ ለየብቻ።

የምስክሮቹም ቁጥር ጎድሏል። በሰው ፊት የሚደረግ፣ በግልጽ የሚባለው ኑዛዜ አራት ምስክር ይፈልጋል። ሁለት የሚበቃው ከሁለቱ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ፣ የፍርድ ቤት ሬጅስትራር ወይም ውል አዋዋይ ሲሆን ነው። የሰፈር ሽማግሌ ምንም ቢከበር ከዚህ አይቆጠርም።

ደግሞ ብዙ ኑዛዜ የሚወድቅባት አንዲት ትንሽ ነገር አለች። ኑዛዜው በተናዛዡና በአራቱም ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት። መነበቡ ብቻ አይበቃም፤ «በፊታችን ተነበበ» ተብሎ ከነቀኑ ወረቀቱ ላይ መጻፍ አለበት። ይህ በቁጥር 881 ላይ ያለ ነው። ፎቶ ኮፒ ቤት ያሉት ልጆች ጎበዝ ናቸው፤ ፊደል አይገድፉም። ይህቺን ግን ይገድፏታል።

ምስክር ማብዛት ካልፈለጉ ሌላ መንገድ አለ። ሙሉውን በራስዎ እጅ ይጻፉት፣ ኑዛዜ መሆኑን ይግለጹ፣ በየገጹ ቀንና ፊርማ ያኑሩ። ይህ ምስክር አይፈልግም። ብቻ በ7 ዓመት ውስጥ ውል አዋዋይ ዘንድ ወይም ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ይፈርሳል። ሳጥን ውስጥ፣ ከጋቢው ሥር፣ አይሆንም። የቃል ኑዛዜንማ ይርሱት። በቃል የሚሰጥ ስጦታ ከ500 ብር እንዳይበልጥ ሕጉ ወስኗል። በ500 ብር ዛሬ ደህና ዶሮ አይገዛም።

አሁን ወደ ቤቱ። በትዳር ዘመን የተሠራ ስለሆነ የጋራ ሀብት ነው። እርስዎ በኑዛዜ መስጠት የሚችሉት ግማሹን ነው። እትዬ ካልተናዘዙ ግማሹ ቤት የትምህርት ቤቱ፣ ግማሹ የወራሾቻቸው ይሆናል። ባለ አምስት ክፍል ቤት ለሁለት ሲከፈል ደግሞ የሚከተለው ሐራጅ ነው። በሕይወት እያላችሁ በስጦታ ልስጥ ቢሉም የሁለታችሁ ፊርማ የግድ ነው።

እስካሁን ያልኩት በአንድ ቀን የሚስተካከል ነው። ከባዱን እርስዎ አልጠየቁኝም፤ እኔ ልጠይቅዎት። የሚቀበለው ማን ነው?

«ትምህርት ቤቱ ነዋ» ይሉኛል። ትምህርት ቤቱ ግን የመንግሥት ነው። በላዩ የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት አለ። ኑዛዜው ላይ የትምህርት ቤቱ ስም ብቻ ከተጻፈ ነገ ቤቱን ለመረከብ ፍርድ ቤት የሚቀርበው ወረዳው ነው። ከዚያ በኋላ ኪራዩ ወደየትኛው ሒሳብ እንደሚገባ የሚወስነው ያኔ ወንበሩ ላይ ያለው ሰው ነው። ሰዎቹ ክፉ ናቸው ማለቴ አይደለም። ርዕሰ መምህር ይዛወራል። የወላጅ፣ ተማሪና መምህራን ኅብረቱ፣ ወተመህ የምንለው፣ በየጊዜው ይመረጣል። የወረዳ ኃላፊ በየዓመቱ ይቀያየራል። ቤቱን እርስዎ እንደሰጡት የሚያስታውስ ሰው አሥር ዓመት ሳይሞላ ያልቃል። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም» ይባል የለ? እዚህ ጋ ባለቤቱ አይናቅም፤ ጭራሹን የለም።

አባቶቻችን ይህን ጉዳይ ከእኛ በተሻለ አስበውበታል። ጎጃም ውስጥ ለሚማርና ለሚያስተምር ሰው ንብረት መድቦ መሞት የቆየ ነገር ነው። ንግሥት እሌኒ መርጡለ ማርያምን ያሠሩት በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ ነው። ለየደብሩ የተሰጠው መሬት ደብተራውንም የኔታንም ያኖር ነበር። እንዲህ ያለ ስጦታ ሲደረግ በወንጌሉ ገጽ ኅዳግ ላይ ይጻፋል። ምን እንደተሰጠ፣ ለማን እንደተሰጠ፣ ምስክሮቹ እነማን እንደሆኑ። መጨረሻ ላይ ግዝት ይጨመራል፤ ይህን ያፈረሰ እንዲህ ይሁን ተብሎ። እንደ ሕግ ባለሙያ ሳየው ሰነዱ ምንም አይወጣለትም። ተቀባዩ ይታወቃል። የሚጠብቀው አለ። ያፈረሰውን የሚያስፈራ ነገር አለ። ደግሞ የተጻፈው ማንም በማይጥለው መጽሐፍ ላይ ነው። የካቲት 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ግን መሬቱ ሄደ። ግዝት አዋጅ አያቆምም።

እርስዎም የሚፈልጉት ይህንኑ ነው። የታወቀ ተቀባይና ዓይኑን የማይነቅል ጠባቂ።

ተቀባይ ሊሆን የሚችለው ብዙ ነው። የአማራ ልማት ማኅበር፣ አልማ፣ ከ1984 ጀምሮ ያለ ነው፤ በትምህርት ቤት ግንባታ ልምድ አለው። ለአንድ ጊዜ የክፍል ግንባታ ቢሆን ኖሮ ወደዚያ እልክዎት ነበር። የእርስዎ ግን በየወሩ የሚሰበሰብ ኪራይ ነው፤ የሚያዝ ተከራይ፣ የሚጠገን ጣሪያ አለው። ለዚህ የቅርብ ሰው ይሻላል።

ኢንዶውመንት የሚባልም አለ። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ያውቀዋል። አንድ ንብረት ለበጎ ዓላማ በቋሚነት ተለይቶ ሕጋዊ ሰውነት ያገኛል፤ በስጦታም በኑዛዜም ይቋቋማል። ቦርድ፣ ኦዲት፣ የዓመት ሪፖርት አለው። አሥር ሱቅ ያለው ሕንፃ ቢሆን እሺ። ለአምስት ክፍል ቤት ግን ለአንድ ስኒ ቡና ድንኳን መትከል ይሆንብኛል።

እኔ የምመርጥልዎት የትምህርት ቤቱን የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር ነው። ካለ እሰየው። ከሌለ ያቋቁሙት። ከዚያ ትምህርት ቤት የወጣ ሰው ባሕር ዳርም፣ ደብረ ማርቆስም፣ አዲስ አበባም አይጠፋም። በአንድ ክልል ውስጥ ብቻ የሚሠራ ከሆነ ክልሉ ዘንድ ይመዘገባል። ሲመዘገብ ሕጋዊ ሰውነት ያገኛል፤ ቤት በስሙ ይዞራል፣ ይከስሳል፣ ይከሰሳል። መተዳደሪያ ደንቡ ላይ የወተመህ ሰብሳቢ በቦርዱ ድምፅ እንዲኖረው ያድርጉ። ርዕሰ መምህሩ ይገኝ፣ ይናገር፣ ድምፅ ግን አይስጥ፤ ገንዘቡን የሚጠይቅና የሚፈቅድ አንድ ሰው መሆን የለበትም። ለአስተዳደር የሚወጣውን በተመለከተ 1113 ከገቢው ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል። የእናንተ ደንብ 10 ቢል ደስ ይለኛል። አምስት ክፍል ለማከራየት ጽሕፈት ቤት አያስፈልግም።

በኑዛዜ ይሻላል ወይስ አሁን? ብዙ ሰው ኑዛዜን የሚመርጠው «በሕይወቴ ቤቴን አጥቼ የሰው እጅ ጠባቂ እንዳልሆን» ብሎ ነው። እውነቱን ነው። ግን መሐል መንገድ አለ፤ የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው። ሕጋችን አላባ ይለዋል። የቤቱን ባለቤትነት ዛሬ ለማኅበሩ ሰጥታችሁ፣ የመጠቀም መብቱን እስከ ዕድሜያችሁ መጨረሻ ለራሳችሁ ታስቀራላችሁ። ኪራዩን እየበላችሁ ትኖራላችሁ። ጥገናውና ግብሩም የእናንተው ይሆናል። ከሁለታችሁ በሕይወት የቀረው እስኪያልፍ እንዲቀጥል ይጻፍ። ያን ቀን አላባው ያበቃል፣ ማኅበሩ ሙሉ ባለቤት ይሆናል። ውርስ አጣሪ የለ፣ የወራሽነት ክርክር የለ። የማይንቀሳቀስ ንብረት ስጦታ በግልጽ እንደሚደረግ ኑዛዜ ነው የሚጻፈው፤ ያው አራት ምስክር፣ ያው ንባብ። ከዚያ ውልና ማስረጃ፣ ከዚያ ማዘጋጃ ቤት።

ማዘጋጃ ቤት ስል፣ አንድ ነገር ሳይጠይቁ እንዳይፈርሙ። ካርታው ነባር ይዞታ ነው ወይስ ሊዝ? የ2004ቱ የሊዝ አዋጅ ነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ለሦስተኛ ወገን ሲተላለፍ መሬቱ ወደ ሊዝ ይገባል ይላል። ስጦታ እዚህ ውስጥ ይወድቃል። ማኅበሩ በየዓመቱ የሚከፍለው የሊዝ ሒሳብ ምን ያህል እንደሚሆን ሄደው በአካል ያሰሉት። ከኪራዩ ብዙ የሚቆርስ ከሆነ ወደ ኑዛዜው እንመለሳለን።

ስጦታ ደግሞ በቀላሉ አይመለስም። «ተናደድኩ፣ ቤቴን መልሱ» የለም። ስለዚህ መጀመሪያ የትምህርት ቤቱን ሰዎች ይፈትኗቸው። እዚህ ላይ ነው ባሕር ዛፉ የሚጠቅመን።

መሬቱን ለማንም መስጠት አይችሉም፤ የወንድምዎ ይዞታ ነው፣ የእርስዎ ቢሆንም የገጠር መሬት እንደ ቤት በኑዛዜ ለትምህርት ቤት የሚጻፍ ነገር አይደለም። ዛፉ ግን የተከለው ሰው ንብረት ነው። ወንድምዎ ከተስማማ ድርሻዎን አስቆርጠው ይሽጡና ብሩን ለትምህርት ቤቱ በአንድ የተወሰነ ነገር ላይ ይስጡ። ዴስክ ይሁን። ወይም ለሴት ልጆቹ የንጽህና መጠበቂያና የሚቆለፍ መጸዳጃ በር። ከዚያ ቁጭ ብለው ይመልከቱ። ደረሰኝ ሰጧችሁ? በባንክ ገባ ወይስ በእጅ? ዓመቱ ሲያልቅ ሒሳቡ ለወላጆች ተነበበ? ዴስኩ ክፍል ውስጥ ነው ወይስ መጋዘን? ባሕር ዛፍ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ደግመው ይፈትኗቸዋል። ሁለት ፈተና ካለፉ ቤቱን ይፈርሙ። (አዊ ላይ በዴከረንስ፣ ለከሰል በሚተከለው የግራር ዓይነት፣ ሀብታም የሆኑ ሰዎች ዛፉን በሽታ ሲመታው ምን እንደሆኑ ሰምተው ይሆናል። ስለዚህ ዛፉን ለፈተና እንጂ ለቋሚ ገቢ አያስቡት።)

አንድ ጊዜ የታዘብኩትን ልንገርዎት፤ ቦታውን አልጠራም። ደግ ሰው ለትምህርት ቤት ቆንጆ ቤተ መጻሕፍት አሠሩ። ሪባን ተቆረጠ፣ ጠላው ተጠጣ። ከሦስት ዓመት በኋላ ሳልፍ በሩ ተቆልፏል። የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ደመወዝ ማን ይክፈል የሚለውን ማንም አላሰበበትም ነበር። ሕንፃ ሰጪ ብዙ ነው። ለጥበቃ ደመወዝ፣ ለተሰበረ መስኮት፣ ለጠመኔ የሚሰጥ የለም፤ ስሙ አይጻፍበትማ። የእርስዎ ኪራይ በየዓመቱ የሚመጣ ገንዘብ ስለሆነ ለእነዚህ ይሁን እላለሁ።

ቤቱን ሸጠው ብሩን ባንክ ለማስቀመጥ የሚመክርዎት ሰው ካለ አይስሙት። የቁጠባ ወለድ ዝቅተኛው 7 በመቶ ነው። አንድ ሚሊዮን ብር በዓመት 70 ሺህ ይወልዳል ማለት ነው። በ2014 እና በ2015 የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ተነሥቶ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 በላይ ሆነ። ብሩ ባንክ ውስጥ እንዳለ ይቀመጣል፤ የሚገዛው ዴስክ ግን በየዓመቱ ያንሳል። ቤት ቢያንስ ኪራዩ አብሮ ይጨምራል። ለምሳሌ ኪራዩ በወር 12 ሺህ ነው እንበል። በዓመት 144 ሺህ ይሆናል። ከዚህ ላይ የኪራይ ግብሩ ይታሰባል። ከቀረው አምስተኛው ለጥገና በተለየ ሒሳብ ይቀመጥ፣ ማንም አይንካው። ይህ ሰነዱ ላይ ካልተጻፈ የመጀመሪያው ቦርድ ሁሉንም ለትምህርት ቤቱ ሰጥቶ ይመሰገናል፤ ጣሪያው ሲያፈስ ሦስተኛው ቦርድ ቤቱን ይሸጣል።

ትምህርት ቤቱ ቢዘጋስ? ከአሥር ዓመት በፊት ቢጠይቁኝ ይህን አላነሣም ነበር። ከ2015 መጨረሻ ወዲህ በክልላችን በሆነው ግጭት ስንት ትምህርት ቤት እንደተዘጋና እንደተጎዳ ግን እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ስለዚህ ይጻፍ። ትምህርት ቤቱ ለአንድ የትምህርት ዘመን ከተዘጋ ኪራዩ ባንክ ይቆይና መልሶ ለማቋቋም ይዋል። ከሦስት ዓመት በላይ ከቆየ፣ ወይም ከሌላ ትምህርት ቤት ጋር ከተቀላቀለ፣ የዚያው አካባቢ ልጆች ወደሚማሩበት ሌላ የሕዝብ ትምህርት ቤት ይዙር። ስሙ ቢቀየርም፣ ሁለተኛ ደረጃ ቢሆንም ስጦታው እንደማይቋረጥ አንድ መስመር ይጨመር። አንድ መስመር የስንት ዓመት ክርክር ያስቀራል።

ልጆቹን ሳልረሳ። «ራሳቸውን ችለዋል» ብለዋል። ራሱን የቻለ ልጅም ይከስሳል። ሕጉ ተወላጅን፣ ማለትም ልጅን፣ ያለ በቂ ምክንያት ከውርስ መንቀልን አይወድም፤ ድርሻው በጣም የተጎዳበት ልጅም ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። የሚያግዘን ባሕር ዳር ያለው ቤት ነው። ለሦስቱም እኩል እንዲደርስ በየኑዛዜያችሁ ላይ ይጻፍ፤ ማንም ልጅ እንዳልተነቀለ ይታይ። «ወደፊት አንጠይቅም» ብለው እንዲፈርሙ ማድረግ ብዙ ሰው ያስባል። ሰው በሕይወት እያለ ስለ ውርሱ በሚደረግ ውል አይተማመኑ። ይልቅ ለፋሲካ ሲሰበሰቡ ይንገሯቸው። እርስዎ ራስዎ፣ በአፍዎ። እንዲህ ያለ ክርክር ስይዝ ደጋግሜ የምሰማው ቃል «ለምን ሰጠ» አይደለም፤ «ለምን ደበቀን» ነው። አንዷን ልጅ ወይም አንዱን ወንድ ልጅ የማኅበሩ ቦርድ ላይ ያስገቡ። ያቺ ናት ከእናንተ በኋላ ሒሳብ የምትጠይቀው።

ምስክር ሲመርጡም ይጠንቀቁ። ከኑዛዜው የሚጠቀም ሰው ምስክር መሆን የለበትም። ልጆችዎን፣ ርዕሰ መምህሩን፣ የማኅበሩን ሰዎች አያስገቡ። ከልብ የሚወዱዎት ጎረቤቶች ይሻላሉ፤ ከእርስዎ ያነሰ ዕድሜ ያላቸው ቢሆኑ ደግሞ ጥሩ ነው። የ80 ዓመት ሽማግሌ ምስክርነቱ ያምራል፤ በሚፈለግበት ቀን ግን ላይኖር ይችላል።

እንግዲህ ማኅበሩን ማስመዝገብና ዛፉን ማስቆረጥ ጊዜ ይወስዳል። እስከዚያ ባዶ እጃችሁን አትቀመጡ። በዚህ ወር እርስዎና እትዬ ሁለት የተለያዩ ኑዛዜዎች አድርጉ። ቤቱን ለማኅበሩ፣ ማኅበሩ ካልተቋቋመ ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ ኪራዩ ለዚያ ትምህርት ቤት ብቻ እንዲውል ከሚል ግዴታ ጋር። የሚያምኑትን አንድ ሰው ውርስ አጣሪ ብለው ይሰይሙ። ስጦታው በኋላ ሲፈረም ኑዛዜው በዚያ በኩል ሥራው ያልቃል። ሲመጡ ካርታውን፣ የጋብቻ ማስረጃውንና መታወቂያችሁን ያምጡ።

ያን የፎቶ ኮፒ ቤቱን ወረቀት አዲሶቹ ተፈርመው መዝገብ ቤት ከገቡ በኋላ ቅደዱት። ሽማግሌዎቹ ዘንድ ያለውን ቅጂም ጭምር።